ድምፅ ሲጠራ ታማኝነት ይቀንሳል?

ባለፈው ሴሚስተር ዶርማችን ውስጥ በአንድ ዘፈን ምክንያት ሁለት ሰዎች ለሦስት ቀን ተኮራርፈው ነበር። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው አልጋው ከኔ አልጋ በላይ ያለው ጓደኛዬ ነው። ዘፈኑ የአገራችን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ፤ ስለ ጥላሁንና ስለ ማህሙድ ተከራክሮ የማያውቅ ማን አለ? እኛን ያጣላን ግን ከዶርሙ ስድስት ልጆች አራቱ ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁት የአሜሪካ የሮክ ባንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሎምበስ ኦሃዮ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ሁለት የድምፅ ፋይሎች ላከልኝና «የቱ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም አንድ ዘፈን ናቸው። ዘፋኙ ያው፣ ግጥሙ ያው፣ ዜማው ያው። ሁለቱም የወጡት በ1995 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ግን ጎረቤት ቤት፣ በር ተዘግቶ የሚዘፈን ይመስላል። ጊታሩ ይሰባበራል፤ ከበሮው ካርቶን የሚመታ ነው የሚመስለው፤ ከኋላ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ። ሁለተኛው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ቃሉ ይሰማል፤ ከበሮው ደረት ይመታል። ጓደኛዬ ሁለቱንም ሰማና ፈረደ፦ «የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ውሸት ነው።» እኔ ደግሞ «ውሸትን እዚህ ምን አመጣው? የተቀየረው እኮ ቀረጻው ነው!» አልኩ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ልለፈው።

ይህን የዶርም ወሬ ለምን ወደ ዲፓርትመንታችን ቡለቲን አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ያመጣሁት ጥያቄው የኛም ስለሆነ ነው። እኛ ነገ በሰው ድምፅ የምንተዳደር ሰዎች ነን። ሻካራ ድምፅ እውነተኛ፣ የጠራ ድምፅ ደግሞ የተቀባባ ነው የሚለው እምነት በኛም ክፍል ውስጥ አለ። እኔ ራሴ አምኜው ነበር። ያስከፈለኝን ነገር ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ባንዱን ላስተዋውቃችሁ።

የዴይተኑ መምህር

ባንዱ «ጋይድድ ባይ ቮይስስ» ይባላል፤ በድምፆች የሚመሩ እንደማለት ነው። የተመሠረተው በ1983 ዴይተን፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። አዎ፣ በ1995 የቦስኒያ ጦርነት ማብቂያ ስምምነት የተደረሰባት ዴይተን። መሪው ሮበርት ፖላርድ ለ14 ዓመታት ገደማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስተማረ ሰው ነው። ቀን ያስተምራል፤ ማታና ቅዳሜ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣል፣ ዘፈን ይጽፋል፣ ይቀርጻል። አልበሞቹን በራሱ ወጪ በጥቂት ቅጂ ያሳትማል፤ የሚገዛ ግን እምብዛም የለም። በ1992 «ፕሮፔለር» የተባለውን አልበም 500 ቅጂ አሳተሙ። ሽፋኑን እያንዳንዱን በእጅ ሠሩት፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ፖላርድ ያን ጊዜ «ይሄ የመጨረሻችን ነው» ብሎ ወስኖ ነበር።

የመጨረሻ ግን አልሆነም። አልበሙ ከዴይተን ውጭ ያሉ ሰዎች እጅ ገባና ባንዱ መታወቅ ጀመረ። በ1994 «ቢ ታውዘንድ» ወጣ፤ 20 ዘፈን በ36 ደቂቃ ገደማ። በ1995 «ኤሊየን ሌንስ» ወጣ፤ 28 ዘፈን በ41 ደቂቃ ገደማ። እስቲ አስሉት፤ አንድ ዘፈን በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው የሚደርሰው። ፖላርድ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። ሰው ሁሉ «ዘመኑ አልፏል» በሚልበት ዕድሜ ማስተማሩን ትቶ ሙዚቀኛ ሆነ።

እነዚህ ሁለት አልበሞች የተቀረጹት አብዛኛውን ቤት ውስጥ፣ በባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ነው። ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል፤ ክርክሩ ያለሱ አይገባም። ካሴት የምናውቀው ከአባቶቻችን ቴፕ ነው። አንድ ተራ ካሴት ጥብቡ ላይ አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ሁለቱ ለአንደኛው ገጽ፣ ሁለቱ ለሌላኛው። ባለ አራት ትራኩ መሣሪያ አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይጠቀምባቸዋል። በአንዱ ላይ ከበሮ፣ በአንዱ ላይ ጊታር፣ በአንዱ ላይ ድምፅ ይቀረጻል። አራቱ ካልበቁ ሦስቱ በአንድ ላይ ተቀላቅለው ወደ አራተኛው ይገለበጡና ሦስቱ ለሌላ ቀረጻ ነጻ ይሆናሉ። ችግሩ በተገለበጠ ቁጥር «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ መጨመሩ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ደግሞ መደብዘዙ ነው። ከሲኒየር የወረስነው ሃንድአውት ፎቶ ኮፒው እንደገና ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ፊደሉ ምን እንደሚሆን ታውቁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው።

እንዲህ ያለው የቀረጻ ዓይነት «ሎ-ፋይ» ይባላል። ሙሉው ቃል ሲተረጎም «ዝቅተኛ ታማኝነት» ማለት ነው። ታማኝነቱ የቴክኒክ ነው፤ የተቀረጸው ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ለነበረው ድምፅ ምን ያህል ታማኝ ነው የሚል መለኪያ። አሁን ምፀቱን አያችሁት? በመለኪያው መሠረት ታማኝነቱ የጎደለውን ቀረጻ አድማጩ «ታማኝ» አለው። ታማኝነቱ የጨመረውን ደግሞ «ካደ» አለው። እኔና ጓደኛዬን ያጣላን ይሄ ነው።

ክህደት የተባለው

ባንዱ ድምፁን ያጠራው በአንድ ቀን አይደለም። በዚያው በ1995 መጨረሻ «ታይገርቦምብ» በተባለ አጭር ስብስብ ላይ ከ«ኤሊየን ሌንስ» ሁለት ዘፈኖችን ስቱዲዮ ገብተው እንደገና ቀረጹ። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ «ጌም ኦፍ ፕሪክስ» አንዱ ነው። በ1996 የወጣው አልበም በባለ 24 ትራክ መሣሪያ ተሠራ። በ1997 ፖላርድ አብዛኞቹን የድሮ ጓደኞቹን ተክቶ ክሊቭላንድ ካለ ሌላ ባንድ ጋር ቀረጸ። በ1999 ደግሞ «ዱ ዘ ኮላፕስ» መጣ። ይሄኛው ትልቁ እርምጃ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሪክ ኦኬሴክ ነበር፤ «ዘ ካርስ» የተባለው ዝነኛ ባንድ መሪ የነበረና የዊዘርን የ1994 የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲዩስ ያደረገ፣ በ2019 ከዚህ ዓለም የተለየ ሰው። እሱ የነካው ድምፅ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ለሬዲዮ የተዘጋጀ ነው።

የድሮ አድናቂዎች ብዙዎቹ አኮረፉ። «ሸጡን» አሉ። በተለይ «ሆልድ ኦን ሆፕ» የተባለው ለስላሳ ዘፈን የክሱ ዋና ማስረጃ ሆነ። ፖላርድ ራሱም በኋላ ዘፈኑን እንደማይወደው ተናግሯል። ሬዲዮውም ቢሆን እንደታሰበው በሩን አልከፈተላቸውም። እንግዲህ ከሳሾቹ «አላልናችሁም? ንጽሕናው ገደላቸው» ቢሉ አይገርምም።

የጓደኛዬን ክርክር ላሳንሰው አልፈልግም፤ ጠንካራ ነው። እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «ሻካራው ቀረጻ ውስጥ ሰዎቹ አሉ። ክፍሉ አለ። ስትሰማው አብረሃቸው ወለሉ ላይ የተቀመጥክ ይመስልሃል።» እውነቱን ነው። «ቢ ታውዘንድ» ሲጀምር የመጀመሪያው ዘፈን መሐል ላይ አንዱ ጊታር ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ስህተት ነው፤ ግን አላረሙትም። «ኤሊየን ሌንስ» ላይ ደግሞ አንድ ዘፈን ውስጥ የሚያንኮራፋ ሰው ይሰማል። ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ባለሙያው መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚህን ነበር። ከዚህም ሌላ ደብዘዝ ያለ ድምፅ አድማጩን ያሠራዋል። ያልሰማኸውን ቃል አንተ ትሞላዋለህ። የሞላኸው ደግሞ የራስህ ስለሆነ ትወደዋለህ።

እሺ። ይህን ሁሉ ተቀብዬ ነው «ክህደት አይደለም» የምለው። ምክንያቶቼን ልዘርዝር።

ለምን አልስማማም

አንደኛ፣ ሻካራው ድምፅ የባንዱ ተፈጥሮ አልነበረም። በ1986 የወጣው የመጀመሪያ ሥራቸው የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ድምፁም ንጹሕ ነው። ፖላርድ ያደገው የእንግሊዞቹን የቢትልስንና የዘ ሁን ሙዚቃ እየሰማ ነው። እነዚያ ደግሞ ትልቅ፣ ሙሉ ድምፅ ያላቸው ባንዶች ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ገና ከጅምሩ በጆሮው የሚሰማው ትልቅ ድምፅ ነበር፤ እጁ ላይ የነበረው ግን ትንሽ መሣሪያ ነው። በትንሽ መሣሪያ ትልቅ ዘፈን መሥራት ብልሃት ነው። ያንን ብልሃት ሕግ አድርጎ «ከዚህ ውጣና ወዮልህ» ማለት ግን ለሙዚቀኛው መቆርቆር አይደለም። ሳር ቤት ውስጥ የተወለደ ልጅ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ «ዘርህን ካድክ» እንደማለት ነው። ሳር ቤቱ እኮ የናፈቀው ለእኛ እንጂ፣ ጣራው ለሚያፈስበት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ንጹሑ «ጌም ኦፍ ፕሪክስ» ጥሩ ነው! ጓደኛዬ ሊሰማው የማይፈልገው ማስረጃ ይሄ ነው። ዜማው አልተነካም። ዘፋኙ አልተለወጠም። በሻካራው ቅጂ ከኋላ ተቀብሮ የነበረው ምሬት በንጹሑ ፊት ለፊት ቆሟል። ሰውየው በሻካራው ሲዘፍን ለራሱ የሚያጉረመርም ይመስላል፤ በንጹሑ ግን ለአንድ ሰው፣ ዓይኑን እያየ ነው የሚናገረው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለት ዓይነት ንግግር ነው እንጂ አንዱ እውነት ሌላው ውሸት አይደለም። በ2001 በሌላ ፕሮዲዩሰር፣ በሮብ ሽናፕፍ የተሠራው «አይሶሌሽን ድሪልስ»ም የጠራ የስቱዲዮ አልበም ነው፤ ሐዘኑ ግን ከየትኛውም የካሴት ሥራቸው አያንስም። ንጽሕና የሚገድል ቢሆን እነዚህን ለምን አልገደላቸውም?

ሦስተኛውና ዋናው ይሄ ነው። «ዱ ዘ ኮላፕስ» ላይ የጎደለ ነገር አለ ካላችሁኝ እስማማለሁ። የምወዳቸው ዘፈኖች አሉበት፤ መክፈቻው «ቲንኤጅ ኤፍቢአይ» ቢደጋገም አይሰለቸኝም። ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። የጎደለውን ስፈልግ ያገኘሁት «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ሳይሆን ውሳኔን ነው። የድሮዎቹን አልበሞች ሕያው ያደረጋቸው ሐሳቡ ሲያልቅ ዘፈኑ ማለቁ ነው። ሃያ ሰከንድ የሚበቃውን በሃያ ሰከንድ፣ ሁለት ደቂቃ የሚፈልገውን በሁለት ደቂቃ ሰጥተው ያልፋሉ። የሚያንኮራፋውን ሰው የተዉት መሣሪያው ስላቃታቸው አይደለም፤ መተው ስለፈለጉ ነው። በ1999ኙ አልበም ላይ ዘፈኖቹ 16 ሲሆኑ በአማካይ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያልፋሉ። ብዙዎቹም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ያንን ልብስ የመረጠው ጆሮ በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው፤ የታሰበለትም ለሬዲዮ ጣቢያ ነው።

ሌላም አለ። ቶቢን ስፕራውት የሚባል ሰው ነበር። ከፖላርድ ጋር ዘፈን ይጽፋል፤ ባለ አራት ትራኩን መሣሪያ ይዞ ብዙውን የቀረጸውም እሱ ነው። ለስለስ ያለ ድምፁ ከፖላርድ ጉልበት ጋር ሚዛን ይሠራ ነበር። ስቱዲዮው ሙሉ በሙሉ ከመምጣቱ በፊት ለቤተሰቡና ለሥዕል ሥራው ብሎ ባንዱን ለቀቀ። እንግዲህ ጓደኛህ ሲሄድ፣ ዘፈኑ ሲረዝም፣ ውሳኔው ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ የሥራው ጠባይ ይቀየራል። እኛ ግን ሦስቱን ትተን በጆሯችን ቀድሞ የገባውን፣ የድምፁን መጥራት ከሰስን። ቤቱ የተለወጠው ሰዎቹ ስለሄዱ ሆኖ ሳለ ቀለሙን መውቀስ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ባንድ ብቻ ይዤ እንዳልፈርድ ሌላም ልጨምር። «ማውንቴን ጎትስ» በሚል ስም የሚዘፍነው ጆን ዳርኒል ለዓመታት ብዙ ዘፈኖቹን የቀረጸው በአንድ የፓናሶኒክ ቴፕ ሪከርደር፣ በራሱ በቴፑ ማይክ ነው። ማይኩ ለሞተሩ ቅርብ ስለሆነ የጥርሱ መፍጨት ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይሰማል። በ2002 መጀመሪያ የወጣው አልበሙ እንዲህ የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው «ታላሃሲ» ግን የስቱዲዮ ሥራ ነው። እሱንም «ተበላሸ» ያሉት ነበሩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2005 «ዘ ሰንሴት ትሪ» የተባለውን አልበም አወጣ። ስለ ልጅነቱ፣ ይደበድበው ስለነበረው የእንጀራ አባቱ ነው። ያን የመሰለ ነገር ሲነገር እያንዳንዱ ቃል መሰማት የለበትም ትላላችሁ? እኔ መሰማት አለበት ባይ ነኝ። ይኸው ሰው በ2020 ኮሮና ሲመጣና የኮንሰርት ጉዞው ሲቋረጥ ያንኑ አሮጌ ቴፕ አውጥቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ አዲስ አልበም ቀረጸበት። ስለዚህ ሻካራው ድምፅ ስቱዲዮ የገባ ሰው የሚያጣው ድንግልና አይደለም። መሣሪያ ነው፤ ሲያስፈልግ ይነሳል፣ ሲበቃ ይቀመጣል።

የኔ ሻካራ ቀረጻ

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። በሬዲዮ ኮርስ ሁለት ደቂቃ የሚሆን የሰው ታሪክ ቀርጻችሁ አምጡ ተባልን። እኔ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ወደሚሸጡ አንዲት እናት ሄድኩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን አስቀመጥኩና ማውራት ጀመርን። ከኋላችን ባጃጅ ይንጫጫል፣ ረዳት ይጣራል፣ ስኒ ይንቃጨላል። እኔ ደስ ብሎኛል። «ይሄ ነው የመንገዱ እውነት» እያልኩ ነው። ልክ እንደ ጓደኛዬ።

ክፍል ውስጥ አሰማሁት። ሲያልቅ መምህራችን ዝም ብለው ቆዩና ተማሪዎቹን ጠየቁ፦ «የእናትየዋ ልጅ የት ናት አሉ?» አንዷ «ጅማ» አለች። ሌላው «ጅዳ» አለ። ከኋላ ያሉት ልጆች ጨርሶ አልሰሙም። እኔ «ጅዳ ነው ቲቸር፤ ቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ ከደወለች ሰባት ወር አልፏታል» አልኩ። «አንተማ እዚያው ነበርክ» አሉኝ። «አድማጩ ግን አልነበረም። ለአንተ የተናገሩትን ለእኛ አላደረስከውም።»

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ጅማና ጅዳ! አንዷ በአውቶቡስ ተሳፍረህ የምትደርስባት ከተማ ናት። ሌላዋ ደግሞ እናት ሰባት ወር ስልክ የምትጠብቅባት። ሴትየዋ ለማያውቁት ልጅ የልባቸውን ነገሩት፤ ልጁ ግን የባጃጅ ድምፅ ስለወደደ ዋናው ቃል ጠፋ። ሦስት እርምጃ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብንል፣ ስልኩንም ከስኒው አንስቼ ወደ እሳቸው ባስጠጋው ይበቃ ነበር። ያላደረግኩት ለእውነት ታምኜ ሳይሆን ሰንፌ ነው። ስንፍናዬን ግን «ተፈጥሯዊነት» የሚል ስም ሰጠሁት።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ጠጋ ብዬ፣ ስልኩን በእጄ ይዤ እንደገና ጠየቅኋቸው። «ባለፈው ነግሬህ የለም እንዴ ልጄ?» አሉ። ነገሩኝ። ሁሉም ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ግን የመጀመሪያው ቀን ልጃቸውን ሲጠሩ የመጣችው ድምፅ፣ መሐል ላይ ቆም ያሉባት፣ ስኒውን ያለምክንያት ያጠቡባት ቅጽበት አልተመለሰችም። ሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ታሪክ ሆነ፤ መጀመሪያ ላይ ግን ሕመም ነበር።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ «ይኸው! አሸነፍኩ» ይል ይሆናል። አላሸነፈም። የመጀመሪያውን ቅጂ ያበላሸው ጫጫታው ነው፤ ሁለተኛውን ያደበዘዘው ደግሞ ንጽሕናው አይደለም። ዘግይቶ መምጣቴ ነው። ያችን ቅጽበት መጀመሪያውኑ ጠጋ ብዬ፣ በደንብ ብቀርጻት ኖሮ ሕመሙም ቃሉም አብረው ይኖሩ ነበር። ለመምህሩ ያስረከብኩት ሁለቱን ቀላቅዬ ነው። ዋናው ነገር ከሁለተኛው፤ ስኒው ሲታጠብ የሚሰማባት ስድስት ሰከንድ ዝምታ ከመጀመሪያው። ዝምታዋ ውስጥ ባጃጅ ያልፋል። ሆን ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ እኔ ከዴይተኑ ባንድ የተማርኩት ይህን ነው። ድምፁ ጠራ ወይስ ሻከረ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይመልሰዋል። ከባዱ ጥያቄ «ይሄ እንዲሰማ፣ ያ እንዲቀር የወሰነው ማነው? ለማንስ ብሎ ነው?» የሚለው ነው። ፖላርድ በካሴትም በስቱዲዮም ራሱ ሲወስን ጥሩ ሠርቷል። ለሬዲዮ ጣቢያ ብሎ ሲወሰንለት ደግሞ ተዳክሟል። ባንዱ በ2004 መጨረሻ ቢበተንም በ2010 ተመልሶ ተሰባስቧል፤ በ2019 ብቻ ሦስት አልበም አውጥቷል። «ንጽሕና ገደለው» የተባለ ባንድ እንዲህ አይሠራም።

እና እናንተ ስቱዲዮ የምትገቡ የክፍል ጓደኞቼ፣ ሶፍትዌሩ «ጫጫታ አስወግድ» የሚል ቁልፍ አለው። አትፍሩት፤ አታምልኩትም። ከመጫናችሁ በፊት ግን የትኛው ድምፅ ጫጫታ፣ የትኛው ሰው እንደሆነ እናንተው ወስኑ። ቁልፉ ይህን አያውቅላችሁም።

ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አንብቦታል። «አሁንም የመጀመሪያው ይበልጣል» አለኝ። ታርቀናል ግን።